ፈረሱ አለ፣ ፈረሰኛው አለ፤ የቀረው የትምህርት ቤቱ ቡድን ነው

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፈረስ ግልቢያ ቡድን ሊኖራቸው ይገባል። ይህን ስንል ለበዓል ማድመቂያ ተጠርቶ በማግስቱ የሚበተን ስብስብ ማለታችን አይደለም። እንደ እግር ኳሱና እንደ አትሌቲክሱ አሠልጣኝ፣ መርሐ ግብር፣ ደንብና የውጤት መዝገብ ያለው፣ ተማሪ ተመዝግቦ የሚገባበት፣ የእንጅባራው ከዳንግላው በትምህርት ቤቱ ስም የሚገናኝበት መደበኛ ቡድን ማለታችን ነው። የዝግጅት ክፍላችን ጉዳዩን ከየአቅጣጫው አይቶ የደረሰበት አቋም ይህ ነው፤ ምክንያታችንንም እንዘረዝራለን።

ለዚህ ውድድር የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል በእጃችን አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። አገሩ በፋሺስት ወረራ ሥር፣ የጎጃም አርበኛም በየበረሃው በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ማኅበሩ ዓድዋ ዘምተው የተዋደቁ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ እንደተቋቋመ አባላቱ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ይናገራሉ። በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ ይከበራል። ዛሬ የማኅበሩ አባላት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሥራቸውም በዓል ላይ አያበቃም። ሙሽራ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከሚያወዳድርባቸው ጨዋታዎች መካከል የፈረስ ጉግስና የፈረስ ሸርጥ ይገኛሉ። ከገና፣ ከትግል፣ ከገበጣና ከቀስት ጋር እኩል የሚቆጠሩ፣ ዳኛና ደንብ ያላቸው ስፖርቶች ናቸው።

ማኅበር አለ፣ ደንብ አለ፣ ፈረስ አለ። ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። በአዊ ደጋ ፈረስ ለግልቢያ ብቻ የሚቀመጥ እንስሳ አይደለም፤ ድንች ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በባንጃና በአካባቢው በፈረስ የሚያርስ ገበሬ ማየትም ብርቅ አይደለም። ታዲያ በትምህርት ቤት ስፖርት ሲባል ስለምን ኳስና ሩጫ ብቻ ትዝ ይለናል?

ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ርዕሰ አንቀጽ ባላስፈለገው። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። የአዊ ልጅ ፈረሰኛ የሚሆንበት ዕድሜና ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ልጁ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ፈረስ ወደ ውኃ ይነዳል፣ በባዶ ጀርባ ይቀመጣል፣ ሲወድቅ ይነሣል። ኮርቻ ጭኖ፣ ልጓም ይዞ፣ ከታላላቆቹ ጎን ለመሰለፍ የሚበቃው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ግን ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ከገጠር ቀበሌው ወጥቶ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ቤተሰቡ ዘንድ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ እንጀራና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ፈረሱ አባቱ ዘንድ ቀርቷል። አራት ዓመት እንዲህ ያልፋል። ፈተናውን ቢያልፍ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ባያልፍ ከተማ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል። ከፈረሱ ጋር የነበረው ነገር በዚያው ተቋረጠ ማለት ነው።

ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ልጆቻችን መማራቸው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ልጁን ከፈረሱ የለየው ትምህርት ቤቱ ከሆነ፣ መልሶ የማገናኘቱም ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው ብለን እናምናለን። አባት ያስተምረው የነበረውን የሚያስተምር ሌላ ተቋም በከተማው ውስጥ የለም። ማኅበሩ ጎልማሶችን ይሰበስባል እንጂ ስንቅ ተሸክሞ የሚመላለስን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ሰብስቦ የሚያሠለጥንበት መዋቅር አልተዘረጋለትም።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ተደርበዋል። የግጦሽ መሬቱ ጠቧል። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ገበሬው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በሰፊው መትከሉ ገቢ አስገኝቶለታል፤ ማሳውም ወደ ደን ተለውጧል። ነገር ግን ፈረስ የሚሰማራበት መስክ ያን ያህል ቀንሷል። በከተማው ደግሞ የጋሪው ቦታ በባጃጅ ተይዟል። ለጭነትና ለጋሪ የማይፈለግ ፈረስ፣ ሣር የሚፈጅ ፈረስ፣ ለባለቤቱ ሸክም ይሆናል። በዓመት አንድ ቀን ለሚከበር በዓል ሲባል ብቻ ዓመቱን ሙሉ ፈረስ መቀለብ የሚችለው የደላው ሰው ነው። በዓሉን በዩኔስኮ ለማስመዝገብ የሚደረገውን ጥረት እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ፈረስ የሚያቆይ ሥራና ፈረስ የሚወድ ወጣት ከሌለ የሚመዘገበው ትዝታው ይሆናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከወዲሁ ይሰማናል፤ "ፈረስ ያለው ይጋልባል፣ የሌለው ቆሞ ያያል" የሚል። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ያለ መልስ ከቀረ ቡድኑ የባለጸጋ ልጆች መሰብሰቢያ ይሆናል፤ የመምህሩ፣ የፖሊሱ፣ የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ በር ላይ ይቀራል። መልሱን ግን ሌሎች ቀድመው አግኝተውታል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሸራ ጀልባ ውድድር ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማኅበር ተደራጅቶ የሚካሄድ ስፖርት ነው። የሸራ ጀልባ ከፈረስ ይልቅ ውድ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ውድድር ግን ተማሪው ጀልባ ይዞ አይመጣም። ጀልባዎቹን የሚያቀርበው አስተናጋጁ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቡድኖቹም ከዙር ወደ ዙር ጀልባ እየተቀያየሩ ይወዳደራሉ። በአንዲት ጀልባ ሁለት ተማሪዎች ይገባሉ፤ አንዱ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው የፊቱን ሸራ ይቆጣጠራል። ወንድና ሴት በአብዛኛው ተለይተው አይወዳደሩም። በዚያው አገር የተማሪዎች የፈረስ ግልቢያ ውድድርም በተመሳሳይ መንገድ ይመራል፤ አስተናጋጁ ፈረሶቹን ያቀርባል፣ ተወዳዳሪዎቹ ዕጣ ያወጣሉ፣ የደረሳቸውን ይጋልባሉ። የሚለካው የአባት ሀብት ሳይሆን ያልለመደውን ፈረስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለምዶ መምራት የሚችለው ልጅ ችሎታ ነው።

ለእኛ ይህ ደንብ በልካችን የተሰፋ ነው። ከእንጅባራ ዳንግላ በአስፋልት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ፈረስ በመኪና ማመላለስ ውድ፣ በእግር መንዳትም አድካሚ ነው። የዳንግላ ቡድን በሚኒባስ ወደ እንጅባራ መጥቶ፣ ከባንጃ ገበሬዎች ለዕለቱ በተገኙ ፈረሶች ላይ ዕጣ አውጥቶ ይወዳደር። በመልሱ የእንጅባራው ወደ ዳንግላ ይሂድ። ፈረሱን ለሰጠው ገበሬ የቀኑ መኖና ተመጣጣኝ ክፍያ ይሰጠው። ያን ጊዜ ባለፈረሱ ገበሬ ፈረሱን የሚያቆይበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ማኅበሩም በአባላቱ በኩል ጥሩ ጥሩውን ፈረስ ለማግኘት ከማንም የተሻለ ነው።

ጀልባን ካነሣን ዘንገናን የሚያነሣ አንባቢ አይጠፋም። በእንጅባራ አቅራቢያ ዘንገና አለልን፣ ጥርባ አለልን፤ በጀልባ መወዳደር የለብንም ወይ? ሊባል ይችላል። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ዘንገና ከዳሩ ጀምሮ ቁልቁል የሚገባ፣ ከ160 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው። ዋና የማያውቁ ተማሪዎችን እዚያ ማውረድ አይታሰብም። ዋና ማስተማር ሲጀመር እንነጋገርበታለን፤ ለጊዜው የምንተማመነው በፈረሳችን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአደጋ ነው፤ እኛም ከሁሉ በላይ የምንፈራው እሱን ነው። ፈረስ ይጥላል። የጭንቅላት ጉዳትና ስብራት፣ ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል። በሞንጎሊያ በናዳም በዓል የሚጋልቡት ሕፃናት ናቸው፤ ርቀቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ልጆች እየወደቁ በመጎዳታቸውና በመሞታቸው አገሪቱ ዝቅተኛ የዕድሜ ወሰንና የራስ መከላከያ ግዴታ ለማውጣት ተገድዳለች። ከዚህ ልንማር ይገባል። ስለዚህ የምንደግፈው ቡድን ጥብቅ ገደቦች ያሉት ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወዳደር። ሄልሜት ያላደረገ ተማሪ እግሩን እርካብ ውስጥ አያስገባ፤ አሠልጣኙም ቢሆን። ጉግስ በትምህርት ቤት ደረጃ አይግባ። ጉግስ አንዱ ወገን እየሸሸ፣ ሌላው እያሳደደ ዘንግ የሚወረውርበት፣ በጋሻ የሚመከትበት የጦርነት ልምምድ ነው፤ ውበቱን እናውቃለን፣ እንወደዋለንም፤ ለበሰሉ ፈረሰኞች ይቆይ። ለተማሪዎች አጭር ርቀት የሽምጥ ግልቢያ፣ ስግሪያ፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል እየተጠማዘዙ ማለፍ፣ በታዘዘው መስመር ላይ ፈረስን ማቆም ይበቃል። መጨረሻ ያልነው ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የሚሮጥ ፈረስ ላይ መቀመጥ የሚችል ብዙ ነው፤ ሲፈልግ የሚያቆም ግን ጥቂት ነው።

ቡድኑን የሚቀላቀል ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጋለብን መጠበቅ የለበትም። መጀመሪያ ፈረሱን ያጥባል፣ ኮቴውን አንሥቶ ድንጋይ ያወጣል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ከዚያ መጫን ይማራል። ግላሱ ሳይጨማደድ መነጠፍ አለበት፤ አንዲት እጥፋት በአንድ ቀን ግልቢያ ጀርባውን ትልጣለች። ኮርቻ ሲጫንበት ሆዱን ነፍቶ የሚቆም ፈረስ አለ። ጀማሪው የሆድ ማሰሪያውን ጠፍር በደንብ ያጠበቀ ይመስለዋል። ፈረሱ ጥቂት ርምጃ ሄዶ ትንፋሹን ሲለቅቅ ጠፍሩ ይላላል፤ ልጁ እርካብ ረግጦ ሲወጣ ኮርቻው ይዞት ወደ ጎን ይዞራል። ልምድ ያለው ፈረሰኛ ሁልጊዜ ጥቂት አስኪዶ፣ እጁን በጠፍሩ ሥር አስገብቶ ፈትሾ፣ እንደገና አጥብቆ ነው የሚወጣው። የድሮው ኮርቻ እርካብ ለአውራ ጣት ብቻ የምትበቃ ቀለበት ነበረች፤ ዛሬ በጫማ የሚጋልብ ልጅ እግሩ ተሰክቶ እንዳይጎተት የሚያስፈልገው ሰፊ እርካብ ነው። እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች የሚያውቁ አዛውንት ፈረሰኞች በየቀበሌው አሉ። የስፖርት መምህሩ ብቻውን አያውቃቸውም፤ እናም በየትምህርት ቤቱ ከማኅበሩ የተመረጠ አንድ ነባር ፈረሰኛ ከመምህሩ ጎን አሠልጣኝ ሆኖ መመደብና አበል ሊታሰብለት ይገባል። "በነጻ ለባህላችን" እየተባለ የሰውን ዕውቀት መውሰድ እስካሁን ብዙ ነገር አበላሽቷል።

ለፈረሱም እንሟገታለን። በአገራችን ገበያና ጎዳና ጀርባው የቆሰለ፣ አፉ በልጓም የተቀደደ ፈረስ ማየት ስለለመድን አይደንቀንም። በትምህርት ቤት ውድድር ግን ይህ ሊታይ አይገባም። በወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሳይታይ፣ ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ፈረስ ለዕጣ አይቅረብ። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመረት ነው፤ ችግሩ በወቅቱ ወደ ቀበሌው አለመድረሱ ነው። ቁስል ያለበት ፈረስ ከመስመር ይውጣ። በጅራፍ ደም ያወጣ ተወዳዳሪ አንደኛ ቢገባም ነጥቡ ይሰረዝ። ተማሪው በአንድ ዙር ጋላቢ፣ በሚቀጥለው ፈረስ ያዥ ይሁን፤ ለፈረስ ያዡም ነጥብ ይሰጠው። የፈረሱን ሁኔታ መጠበቅ በነጥብ ሲቆጠር ልጆች ይጠብቁታል።

ስለ ሴት ተማሪዎች ብዙ መናገር አያስፈልግም። በአዊ ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ስትወጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በጥር 23ቱ በዓልም ይታያሉ። ቡድኑ ከመጀመሪያው ቀን በወንድና በሴት እኩል ቁጥር ይቋቋም፣ ውድድሩም የጋራ ይሁን። በዕጣ በደረሰ ፈረስ፣ በመስመር ላይ በማቆምና በስግሪያ የጉልበት ብልጫ አይሠራም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደው ነው። በክልላችን በጸጥታ ችግር ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቆ፣ ወንበርና መጽሐፍ ሳይሟላ ስለ ፈረስ ማውራት ተገቢ ነው? ጥያቄውን በአክብሮት እንቀበለዋለን፤ የሚጠይቁትም አንጀታቸው የተቃጠለ ወላጆች ናቸው። የተዘጋ ትምህርት ቤት እስኪከፈት፣ መምህር ደመወዙን እስኪያገኝ፣ ልጆች ያለ ሥጋት መንገድ ላይ እስኪሄዱ ድረስ ስለ ውድድር ቀን አንናገርም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ ለምን ይመለሳል የሚለውም መመለስ አለበት። ሁለት ዓመት ያቋረጠ የ17 ዓመት ወጣት ከታናናሾቹ ጋር ዘጠነኛ ክፍል መቀመጥ ያሳፍረዋል። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ እሱ ከሌሎች የተሻለ የሚያውቀው አንድ ነገር፣ የሚከበርበት አንድ ቦታ ካገኘ የመመለሱና የመቆየቱ ዕድል ይሰፋል። ቡድኑ ውስጥ ለመቆየትም ትምህርቱን መከታተልና የማለፊያ ውጤት ማምጣት ግዴታ ይሁን፤ ከክፍል የቀረ ቅዳሜ ፈረስ አይነካም።

እንግዲህ ለሚመለከታቸው የምንለው ይህ ነው። የብሔረሰብ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ፣ ወጣቶችና ስፖርት መምሪያው፣ ባህልና ቱሪዝም መምሪያውና የፈረሰኞች ማኅበሩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የተማሪዎችን ውድድር ደንብ ይጻፉ። ከፌዴሬሽኑ ደንብ የሚወሰደውን ይውሰዱ፣ ለልጆች የማይሆነውን ያውጡ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለደንቡ ዝግጅትና ለአሠልጣኞች ሥልጠና እጁን ያስገባ፤ ደጃፉ ላይ ያለ ሥራ ነው። ሥራው በሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ አይጀመር። በእንጅባራ አንድ፣ በዳንግላ አንድ ትምህርት ቤት ለሙከራ ይመረጡ፤ ከየትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ይበቃሉ።

ጊዜውም በአገሩ ወቅት ይወሰን። እስከ መስከረም ማለቂያ ሜዳው ጭቃ ነው፤ በዚያ ወራት ልጆቹ በክፍል ውስጥ ስለ ፈረስ አያያዝ ይማሩ፣ ይመዝገቡ፣ ይመረጡ። በጥቅምት የመጫንና የመያዝ ልምምድ ይጀመር። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ፈረሱም ልጁም ለቤተሰብ ሥራ የሚፈለጉበት ነውና ልምምዱ ይላላ። ውድድሩ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ መሬቱ ደርቆ ፈረሱ ከሥራ ባረፈበት ጊዜ፣ በደርሶ መልስ ይካሄድ። በየውድድሩ አምቡላንስ ሜዳው ዳር ይቁም፤ አምቡላንስ ካልተገኘ የዕለቱ ውድድር ይሰረዝ። ለመጀመሪያው ዓመት ሊገዛ የሚገባው ለሃያ አራቱ ተማሪዎችና ለአሠልጣኞቻቸው የሚሆን ሄልሜት፣ ሰፋ ያሉ እርካቦች፣ ደህና ኮርቻዎችና የክትባቱ ወጪ ነው። በከተሞቹ ያሉ ነጋዴዎች፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለበዓሉ በየዓመቱ ከሚያወጡት ላይ ለዚህ የሚሆን ቢቆርሱ ይሸፍኑታል። ሄልሜቶቹ ግን ከኮርቻው ቀድመው ይገዙ።